መብራቱን የያዘው ማነው?



ብርሃንና ሌሊት በጽሑፍ ውስጥ ስላላቸው ቦታ ተናገር ስባል መጀመሪያ የመጣብኝ ስጋት ነው። ብርሃንን አሞግሼ፣ ጨለማን ረግሜ፣ እናንተም አጨብጭባችሁ እንዳንለያይ። ለዚያማ አዳራሽ አያስፈልገንም፤ ማንኛውም የምረቃ ንግግር፣ በየአጥሩ የተሰቀለ ማንኛውም መፈክር ይበቃናል። ብርሃን ዕውቀት ነው፣ ጨለማ ድንቁርና ነው፤ ብርሃን ተስፋ ነው፣ ሌሊት መከራ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ከመደጋገሙ ብዛት ማንንም አይቀሰቅስም።

እኔ የማነሳው ሌላ ጥያቄ ነው። ጽሑፍ ውስጥ ፀሐይ ብቻዋን አትወጣም፤ የሚያወጣት ጸሐፊ አለ። ብርሃን በበራ ቁጥር መብራቱን የያዘ እጅ አለ። የማን እጅ ነው? ወዴት ነው ያዞረው? ማንን አሳየን፣ ማንንስ ጨለማ ውስጥ ትቶት አለፈ? ብርሃንን በንግግርና በጽሑፍ ማሳመኛ የሚያደርገው ድምቀቱ አይደለም፤ አቅጣጫው ነው። ይህን በጥቂት ጽሑፎች ላቅርብላችሁና እናንተ ፍረዱ።

ከቅርባችን እንጀምር። ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው ከሰማይ ወረደ ከተባለ ብርሃን ነው። ዘመኑ 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ንጉሡ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ። ብዙዎቻችን የምናውቀው የታሪኩን ግማሽ ነው፤ ብርሃን ታየ፣ ንጉሡ ደስ አላቸው፣ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ከተማ ቆረቆሩ። ዜና መዋዕላቸው ግን ሌላውንም ግማሽ አልደበቀም። ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉ መነኮሳት ነበሩ። ለመስቀልና ለእመቤታችን ሥዕል አንሰግድም ብለዋል ተብለው ተከሰሱ፤ ለንጉሥም መስገድን እንቢ ያሉ ሰዎች ናቸው። አፍንጫቸውና ምላሳቸው ተቆረጠ፤ የካቲት 2 ቀን በድንጋይ ተወገሩ። ከዚያ በ38ኛው ቀን፣ መጋቢት 10፣ የመስቀል በዓል ዕለት፣ ብርሃን ወረደ።

እስቲ ዜና መዋዕል ጸሐፊው እዚህ ላይ ያደረገውን ልብ በሉት። «እግዚአብሔር ቅጣቱን ወደደው» ብሎ መስበክ አላስፈለገውም። ሁለት ቀኖች ጎን ለጎን አስቀመጠና በመካከላቸው ያለውን ቆጠረ። ነገር የማያገናኛቸውን ሁለት ቀኖች ማን ቁጭ ብሎ ይቆጥራል? መቁጠሩ ራሱ ክርክር ነው። አንባቢው ሁለቱን በራሱ አእምሮ ያጋጥማቸዋል፤ ራሱ ያጋጠመውን ነገር ደግሞ ማንም አይጠራጠርም። ከሰባኪ ቃል ይልቅ የቀን ቁጥር የሚያሳምንበት ጊዜ አለ፤ ይህ አንዱ ነው። አንዳንድ የታሪክ ተመራማሪዎች ያን ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። ይሁን። ጅራታም ኮከብ ለሁሉም እኩል ነው የሚታየው። ለአንዱ ወገን የይሁንታ ምልክት ያደረገው ሰማዩ ሳይሆን ብዕሩ ነው። በዚሁ ንጉሥ ስም የሚታወቀውና በየአብያተ ክርስቲያናቱ እንዲነበብ የታዘዘው መጽሐፍም «መጽሐፈ ብርሃን» መባሉን አትርሱ።

ደቂቀ እስጢፋኖስ የራሳቸው ጸሐፊዎች ነበሯቸው። ገድላቸው ለዘመናት በየገዳሙ ተሸሽጎ ከቆየ በኋላ በአሜሪካ ሚኒሶታ ሲሠሩ የኖሩት ሊቅ ጌታቸው ኃይሌ ወደ አማርኛ መልሰው «ደቂቀ እስጢፋኖስ በሕግ አምላክ» ብለው አሳትመውልናል። ያን ገድል አንብቦ ወደ ዜና መዋዕሉ የተመለሰ ሰው ብርሃኑን እንደ ድሮው አያየውም። መብራቱ ወደ ሰማይ ዞሮ ሳለ ምድር ላይ የወደቀው ማን እንደነበር ይታየዋል።

አሁን ውቅያኖስ እንሻገር፤ ግን ጥያቄው ያው ነው። የእንግሊዙ ጋዜጠኛና አሳሽ ሄንሪ ስታንሊ እ.ኤ.አ. በ1878 ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍ አፍሪካን በርዕሱ ላይ ጨለማ አህጉር ብሎ ሰየማት። መቼም ስታንሊ የሄደባቸው ቦታዎች ፀሐይ እንዴት እንደምታቃጥል ለእኛ መንገር አያስፈልግም። የጨለመው መልክዓ ምድሩ ሳይሆን የአውሮፓ ካርታ ነበር፤ ካርታውን ያልሞላው ሰው ጨለማውን ለሀገሩ ሰጠው። አህጉሩ አንዴ ጨለማ ከተባለ በኋላ ደግሞ ገብቶ መብራት ማብራት ግዴታ ይመስላል። ወታደሩም፣ ነጋዴውም፣ ሚስዮኑም ችቦ የያዘ ሰው ሆኖ ይገባል። ብርሃን የወረራ ሰነድ ሆነ ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ጆሴፍ ኮንራድ «የጨለማ ልብ» የሚለውን ልብ ወለዱን እ.ኤ.አ. በ1899 በመጽሔት ሲያወጣ ይህን ችቦ በቅርብ አይቶታል። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሁልጊዜ ቆም የምልበት ትዕይንት አለ። ተራኪው ማርሎ ኮንጎ ወንዝ ዳር ካለ የንግድ ጣቢያ ውስጥ አንድ ሠራተኛ ክፍል ይገባል። ሠራተኛው ክብሪት ይጭራል። በክብሪቱ ብርሃን ማርሎ የሚያየው አንድ ሙሉ ሻማ ነው፤ በዚያ ጣቢያ ደግሞ ሻማ የማብራት መብት አለው የሚባለው ሥራ አስኪያጁ ብቻ ነው። ከዚያ በዚያ ሻማ ብርሃን አንድ ትንሽ የዘይት ቀለም ሥዕል ያያል። ኩርትዝ የሚባለው ሰው የሣለው ነው፤ ዓይኗ በጨርቅ የታሰረ ሴት የተቀጣጠለ ችቦ ይዛ ትሄዳለች። ዙሪያው ጥቁር ነው ማለት ይቻላል፤ የችቦው ብርሃን ፊቷ ላይ ሲያርፍ ፊቷ ክፉ ነገር ይመስላል።

ሦስት መብራት በአንድ ክፍል ውስጥ። ክብሪቱ ሻማውን አሳየን፤ ሻማው ማን እንደተፈቀደለትና ማን እንዳልተፈቀደለት አሳየን፤ ሻማው ደግሞ ችቦዋን አሳየን፤ ችቦዋን የያዘችው ግን ራሷ አታይም። ሌላ ደራሲ ስለ ቅኝ ግዛት አሥር ገጽ ያማርር ነበር። ኮንራድ የሻማ ባለቤትነትን ነገረንና አለፈ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ የናይጄሪያዊውን ደራሲ የቺኑዋ አቼቤን ክርክር ሳልጠቅስ ባልፍ ነውር ይሆናል። አቼቤ እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካ ውስጥ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር፣ ማለትም እንደዚህ እንደ ዛሬው ባለ ዲስኩር፣ ኮንራድን ዘረኛ ብሎ ከሰሰው። ዋና ነጥቡ ቀላል ነው፤ አፍሪካ የአንድ አውሮፓዊ አእምሮ የሚፈርስባት መድረክ ብቻ ሆነች፣ ሰዎቿም የሰው ቋንቋ ተነፈጋቸው። ለእኔ አቼቤ እዚህ ላይ ልክ ነው። ኮንራድ ችቦ ያዡ ላይ አፌዘ፤ የሚያፌዘውን መብራት ግን አንድ ጊዜ እንኳ ዞር አድርጎ የኮንጎን ሰው ፊት በቅጡ አላሳየንም። ሁለቱ ነገሮች በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ አንዱን ለማመን ሌላውን መካድ አይገባንም።

ወደ ቤታችን አባባል ልመለስና፣ «ሊነጋ ሲል ይጨልማል» እንላለን። ስንት ለቅሶ ቤት፣ ስንት ስብሰባ ላይ ሰምታችሁታል! መጽናኛ ነው፤ መጽናኛነቱን አልነካም። ግን ማን ለማን እንደሚለው አስተውሉ። የተጨነቀ ሰው ለራሱ ሲለው ጸሎት ነው። ሥልጣን የያዘ ሰው ለተጨነቀው ሲለው ደግሞ «ትንሽ ታገሥ» ማለቱ ነው፤ ጨለማው በባሰ ቁጥር ንጋቱ እንደቀረበ ስለሚቆጠር የሚጠየቅ ሰው አይኖርም። በዚህ ዓይነት የንጋት ተስፋ የተሰላቸ ሕዝብን ፊት ለፊት ቆሞ ማነጋገር እንዴት ይቻላል? ማርቲን ሉተር ኪንግ ነሐሴ 22 ቀን 1955 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ የገጠመው ፈተና ይኸው ነበር።

ያን ንግግር ሁላችንም የምናውቀው በመጨረሻው፣ በሕልሙ ነው። እኔ ግን ጉልበቱ ከመነሻው ይመስለኛል። ኪንግ የቆመው በሊንከን መታሰቢያ ደጃፍ፣ 250 ሺህ በሚገመት ሕዝብ ፊት ነው። ሊንከን ባሮችን ነፃ ያወጣበት አዋጅ የጸናው እ.ኤ.አ. በ1863 ነው፤ ልክ 100 ዓመቱ። ኪንግ አዋጁን ለሚሊዮኖች እንደበራ ታላቅ የተስፋ መብራት ይሥለዋል፤ ባርነትን ረጅም ሌሊት፣ አዋጁን ንጋት ያደርገዋል። እስከዚህ ድረስ ማንም ተናጋሪ የሚለው ነው። ነገር ግን በዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሌላ እሳት አለ፤ ባሮቹን የለበለበ የግፍ ነበልባል። መብራትም እሳት ነው፣ የሚያቃጥለውም እሳት ነው። አድማጩ ብርሃንን ብቻውን እንዲወድ አልፈቀደለትም።

ከዚያ ነው ዋናው ብልሃት የሚመጣው። ንጋቱን ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ኋላ አስቀመጠው። ንጋት ሆኗል፣ ዱሮ ሆኗል፤ «ሊነጋ ሲል ይጨልማል» የሚባልበት ቦታ አልተወም። ከዚያ «ከ100 ዓመት በኋላ» የሚለውን ሐረግ አራት ጊዜ እየደጋገመ፣ ነግቶ ሳለ ሰዉ አሁንም በሰንሰለት፣ አሁንም በድህነት፣ አሁንም በገዛ ሀገሩ ስደተኛ መሆኑን ያወርዳል። ያልነጋለትን ሰው ማባበል ይቻላል። ነግቶለት ብርሃኑን የተነጠቀን ሰው ግን «ታገሥ» ማለት አይቻልም፤ እሱ ዕዳ ጠያቂ ነው። ኪንግም ወዲያው ወደ ባንክና ወደ ቼክ ቋንቋ የዞረው ያለ ምክንያት አይደለም። ንግግሩ በጠራራ ፀሐይ፣ በበጋቸው ወበቅ የተደረገ ነው፤ ያንንም ወበቅ የጥቁሮች ቁጣ አደረገው፣ እፎይታውን ለመጪው መጸው ሰጠው። ፀሐይ ራሷ እዚያ ላይ መልካም ምልክት አይደለችም። ምሳሌ መደርደር እንዲህ ነው፤ በአንድ መብራት ላይ ሙጭጭ አለማለት።

ኪንግ ብርሃንን ከሳሽ አደረገው፤ ኤሊ ዊዜል ደግሞ ብርሃን ሊታመን የማይችልበት ቦታ ድረስ ወሰደን። ዊዜል የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1928 ሮማንያ ውስጥ ሲገት በምትባል ከተማ ነው። በ1944 የጸደይ ወራት፣ በ15 ዓመቱ፣ ከቤተሰቡና ከከተማው አይሁድ ጋር በባቡር ተጭኖ ወደ አውሽቪትዝ የናዚ ማጎሪያ ሰፈር ተወሰደ። የጻፈውን ትዝታ መጀመሪያ በዪዲሽ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1956 ቦነስ አይረስ ላይ አሳተመ፤ ርዕሱም ዓለም ዝም አለ የሚል ነበር። ራሱ እንደተናገረው የመጀመሪያው ረቂቅ 862 ገጽ ነበር። በ1958 ፓሪስ ላይ በፈረንሳይኛ ሲወጣ ትንሽ ቀጭን መጽሐፍ ሆነ፤ ርዕሱም አንድ ቃል ብቻ፣ «ሌሊት»። ከክስ ወደ ጊዜ መሻገሩን እዩት። የመጀመሪያው ርዕስ ጥፋተኛ ይጠራል፤ ሁለተኛው አንባቢውን ራሱን እዚያ ውስጥ ያስገባዋል።

መጽሐፉ ውስጥ ግን ሌሊቱ አይደለም ከሁሉ የሚያስፈራው። መብራቱ ነው። በባቡሩ ፉርጎ ውስጥ ሼክተር የሚሏት አንዲት ሴት አለች፤ ከትንሽ ልጇ ጋር ናት። በሌሊት ትነሣና እሳት አየሁ፣ ነበልባል አየሁ እያለች ትጮኻለች። ሰዎቹ በመስኮቱ ሲያዩ ጨለማ ብቻ ነው። አብዳለች ይላሉ። ጩኸቱ ሲበዛባቸው ያስሯታል፣ አፏን ይለጉሟታል፣ ልጇ እያየ ይደበድቧታል። በመጨረሻ እኩለ ሌሊት ገደማ ባቡሩ ሲደርስ ከረጅም ጭስ ማውጫ ወደ ጥቁሩ ሰማይ የሚወጣ እሳት ሁሉም ያያሉ። ያን ጊዜ ሴትዮዋ ዝም ብላለች። ማንም አፏን ሳይዛት፣ ጥጓን ይዛ ተቀምጣለች።

ዊዜል እዚህ ላይ «ትክክል ነበረች» አይልም። ዝምታዋን ብቻ ያሳየናል። ብርሃኑን ቀድማ ያየችው ሰው ተደበደበች፤ ብርሃኑ ለሁሉም ሲታይ ደግሞ ምንም የሚረዳ ነገር አልቀረም። ማየት ማዳን ነው የሚለው የምረቃ ንግግራችን በዚህች አንዲት ገጽ ላይ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው፣ መቼም አልረሳም የሚለውን ሐረግ ሰባት ጊዜ የሚደጋግመው ታዋቂ አንቀጽ፣ ያን የመጀመሪያ ሌሊት፣ ጭሱን፣ የሕፃናቱን ፊት፣ ነበልባሉን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ብዙ አስተማሪዎች ይህን አንቀጽ እንደ ግጥም ያስጠኑታል። እኔ ከሱ ይልቅ የሴትዮዋ ዝምታ ይበልጥብኛል፤ አንቀጹ እንደሚጮኽ ያውቃል፣ ዝምታዋ ግን አያውቅም።

ደግሞ ሌላ ሌሊት አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 1945 እስረኞቹ በበረዶ ላይ እየተነዱ ግላይቪትዝ የሚባል ቦታ ደርሰው አንድ ጎጆ ውስጥ እርስ በርስ ተነባብረው ይወድቃሉ። በሕይወት ያለው ከሞተው አይለይም። በዚያ ጨለማ ዩሊየክ የሚባል የፖላንድ ወጣት ቫዮሊኑን አውጥቶ ከቤትሆቨን ኮንቸርቶ ጥቂት ይጫወታል። ማንም አያየውም፤ የሚሰማው ብቻ ነው። ሲነጋ ተራኪው ዩሊየክን ሞቶ ያገኘዋል፤ ቫዮሊኑም አጠገቡ ተረግጧል። ሌሊቱ ሙዚቃ ሰጠ፣ ንጋቱ ሬሳ አሳየ። ዊዜል ምልክቶቹን ገለበጣቸው ብሎ ማለፍ ይቀላል። የገለበጣቸው ግን እሱ አይደለም፤ ሰፈሩን በመብራት ያጥለቀለቁት፣ እሳቱንም ያነደዱት ሰዎች ናቸው። እሱ የያዛት መብራት ትንሽ ናት፤ ወደ አንዲት ሴት፣ ወደ አንድ ቫዮሊን ብቻ ትዞራለች።

እስካሁን ሌሊትን ከመከራ ጋር ብቻ ያየሁት መሰለኝ። ይህ ለእኛ ሀገር ሌሊት በደል ይሆናል። ማኅሌት የሚቆመው በሌሊት ነው። ሰዓታቱ በሌሊት ይደርሳል፤ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ለሌሊቱ የደረሱትን አዋቂዎቹ ታውቁታላችሁ። የትንሣኤ ብሥራት በእኩለ ሌሊት ነው። ወሎ ላይ የመንዙማው ሐድራ ሌሊቱን ያስነጋል፤ በረመዳንም የመጨረሻዎቹ ሌሊቶች ከቀኖቹ ሁሉ ይከብራሉ። በአብነት ትምህርት ቤትም የቃል ትምህርት የሚሰጠው በማታና በሌሊት ነው፤ መጽሐፍ በማይታይበት ሰዓት ከመምህሩ አፍ ወደ ተማሪው ጆሮ ይሄዳል። እንግዲህ ዓይን ሲያርፍ ጆሮ የሚሠራበት ትልቅ ባህል አለን ማለት ነው፤ ይህ ባህል በዘመናዊ ድርሰታችን ውስጥ የሚገባውን ያህል አልገባም ባይ ነኝ። ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ «ብርሃንና ሰላም» በሚል ስም ጋዜጣ ያነበበ የምሁር ትውልድ ብርሃንን ከሥልጣኔ ጋር አጋባው፤ ጨለማው ለገበሬውና ለባላገሩ ቀረ። ገበሬው ሌሊት ምን እንደሚያደርግ የጠየቀው ጥቂት ሰው ነው።

ሌሊትን ሳይሰብክ የገባበት ደራሲ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ነው። በ«ሌቱም አይነጋልኝ» ልብ ወለዱ የአዲስ አበባውን የውቤ በረሃ ሰፈር ሌሊት የኑሮ ቦታ አድርጎ ጻፈው፤ እዚያ የሚጠጡም፣ እዚያ ሠርተው የሚያድሩ ሴቶችም ቀን ቀን እንዳለ ሰው ይከራከራሉ፣ ይስቃሉ፣ ይዋደዳሉ። ሳንሱር ለአሥርት ዓመታት እንዳይታተም አደረገው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የአዲስ አበባ ሌሊቶች በሚል ርዕስ በፈረንሳይኛ ታትሞ ወጥቷል። የመከልከሉ ምክንያት ብልግናው ነው ይባላል። እኔ ሌላም ይታየኛል፤ ስብሐት ከሌሊቱ ውስጥ ማንንም ወደ ብርሃን አላወጣም። አውጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ በመጨረሻው ምዕራፍ አንዷን ንስሐ አስገብቶ ቢሆን ኖሮ፣ ብልግናው ይቅር ይባልለት ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

ወጣት ጸሐፊዎች በብዛት ስላላችሁ አንድ የሥራ ነገር ልበል። ረቂቃችሁን አውጡና «ብርሃን» የሚለውን ቃል ባለበት ሁሉ ሰርዙት። በቦታው ብርሃኑ ከምን እንደመጣ ጻፉ። ኩራዝ ከሆነ ይጨሳል፣ የሚያበራው ከሥር ስለሆነ አገጭና የአፍንጫ ቀዳዳ ይታያል እንጂ ግንባር አይታይም፤ ስለዚህ በኩራዝ ብርሃን የሚናገር ሰው ፊት ጠንከር ይላል። ማሾ ከሆነ ድምፅ አለው፤ እየተነፋ የሚቆይ ስለሆነ አንድ ሰው ሥራ ይዞበታል፣ ያ ሰው ማን ነው? ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ስለዚህ ምሥጢር አይወራም። ጧፍ ከሆነ ያለቅሳል፣ ያልቃል፣ ጊዜ ይቆጠርበታል። መብራት ጠፍቶ ስልካችሁን ካበራችሁ ደግሞ ብርሃኑ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ስለሚያርፍ፣ የያዘው ሰው ራሱ ጨለማ ውስጥ ነው። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም ጊዜ ተስፋ ማለት አላስፈለገንም፤ ክርክራችሁ ግን ገብቷል።

ይህን አድርጋችሁ ቃሉን መልሳችሁ ማስገባት የምትፈልጉበት ቦታ ካለ፣ ያን ቦታ ይዛችሁ ኑና እንነጋገርበት። ጊዜዬን ጨርሻለሁ፤ ከኋላ ወንበሮች የተነሡ እጆች አያለሁ፣ ከዚያ በኩል እንጀምር።